የፔዳል ዘንግ፣ የካምቢዮ ቤት እና 10 ሚሊዮን ፓውንድ፦ የቤንትሊዋ «ኦልድ ነምበር ዋን» ጉዳይ

ጁላይ 1990፣ ለንደን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።) ዳኛ ፊሊፕ ኦተን አንዲት አሮጌ የውድድር መኪና እየፈቱ ነው። በመፍቻ ሳይሆን በምስክርና በወረቀት። ሻንሲው (የመኪናዋ የብረት አጽም) የመቼ ነው? ሞተሩስ? ካምቢዮውስ? መሪውስ? ዕቃ በዕቃ ሄዱበት። በ1929 ሌማን ላይ፣ ማለትም በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር፣ ካሸነፈችው መኪና ምን ተረፈ ለሚለው መልሱ ምንም ሆነ፤ የመቼ እንደሆኑ መለየት የማይቻል ጥቃቅን ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። በ1930 ካሸነፈችው ደግሞ ሦስት ነገር ተገኘ። የፔዳል ዘንግ፣ የካምቢዮ ቤት እና የመሪ ዘንግ።

መኪናዋ የተሸጠችው በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ገዢው ግን «የተባለችው መኪና አይደለችም» ብሎ አልገዛም ስላለ ሻጩ ከሰሰው።

ታዲያ ዳኛው ምን ፈረዱ? ገዢው ይክፈል። የገዛው መኪና የተባለችው መኪና ናት።

መጀመሪያ ይህን ፍርድ ሳነብ ሳቅኩ። ሦስት ዕቃ ይዛችሁ 10 ሚሊዮን? እየቆየሁ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። አሁን ዳኛው ትክክል ናቸው ከሚሉት ወገን ነኝ፣ አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ እሱን መጨረሻ አካባቢ እናገራለሁ። አሮጌ መኪና የሚገዛ፣ የሚያድስ ወይም ስለ አሮጌ መኪና መጨቃጨቅ የሚወድ ሰው ይህችን ታሪክ ከነዝርዝሯ ቢያውቃት ጥሩ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

ዋልተር ኦወን ቤንትሊ፣ ሰው ሁሉ በአጭሩ «ደብሊው ኦ» የሚለው፣ የእንግሊዙን የመኪና ኩባንያ ቤንትሊን ያቋቋመው በ1919 ነው። መኪኖቹ ትልልቅ፣ ከባድና ጠንካራ ነበሩ። ሌማን ላይ በ1924 አሸነፉ፣ ከዚያም ከ1927 እስከ 1930 አራት ዓመት በተከታታይ። ሜዳው ላይ እንዲህ ይሁን እንጂ ኩባንያው ገንዘብ አልነበረውም። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተበዳሪ ኑሮ ነው የኖረው። በ1926 ያዳነው ዎልፍ ባርናቶ ነው። አባቱ ኪምበርሊ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአልማዝ የከበረ ሰው ነበር፤ ልጁ ገንዘቡን ወረሰና የቤንትሊ ሊቀመንበር ሆነ።

ሀብታም ሰው ኩባንያ ገዝቶ ራሱን ሾፌር ሲያደርግ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ያስቃል። ባርናቶ ግን የምር ይነዳ ነበር። ሌማን ላይ ሦስት ጊዜ ተወዳደረ፣ በ1928፣ በ1929 እና በ1930። ሦስቱንም አሸነፈ። ይህን ያህል ንጹህ ውጤት ያለው ሾፌር ፈልጋችሁ ማግኘት ከባድ ነው።

መኪናዋ «ስፒድ ሲክስ» ከሚባሉት አንዷ ናት። ስድስት ሲሊንደር፣ 6,597 ሲሲ። ሻንሲ ቁጥሯ LB2332 ሲሆን በእኛ ፊደል «ኤልቢ 2332» ብላችሁ ያዙት፤ ቁጥሩ በኋላ ያስፈልገናል። በሜይ 1929 ብሩክላንድስ በሚባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ መጀመሪያ ስትወጣ የዲናሞ ማዞሪያዋ ተበላሽቶ አቋረጠች። ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ ሌማን ሄደች። በሮቿ ላይ 1 ቁጥር ተጽፎባታል። ባርናቶና ቲም ቢርኪን እየተቀያየሩ ነዷት፤ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው መራች። በ24 ሰዓት 2,843 ኪሎ ሜትር። ከኋላዋ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ የወጡትም ቤንትሊዎች ናቸው። «ኦልድ ነምበር ዋን»፣ ማለትም «አሮጊቷ ቁጥር አንድ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ከበሩ ላይ ቁጥር ነው።

በ1930 ተመልሳ መጣች። አሁን ቁጥሯ 4 ነው፣ ከባርናቶ ጋር የሚነዳው ግሌን ኪድስተን ነው። ሩዶልፍ ካራቾላ የያዘው መርሴዲስ እስከ ሌሊት ድረስ ሲታገላቸው ቆይቶ ተበላሽቶ ወጣ። እሷ 2,930 ኪሎ ሜትር ሄዳ አሸነፈች።

እንግዲህ ዝናዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ሌማንን በተከታታይ ሁለቴ ያሸነፈች አንዲት መኪና። ኩባንያ አይደለም፣ ሞዴል አይደለም፣ አንዲት መኪና። ይህን የደገመው ከ39 ዓመት በኋላ ነው፣ ሻንሲ ቁጥሩ 1075 የሆነው ፎርድ ጂቲ40 በ1968 እና በ1969 ሲያሸንፍ። 10 ሚሊዮኑ የተጠየቀው ለዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። ፍርድ ቤት የተደረሰውም እዚችው ላይ ነው፣ «አንዲት» የምትለዋ ቃል ላይ።

ምክንያቱም የፋብሪካ የውድድር ክፍል እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ሰሜን ለንደን፣ ክሪክልዉድ፣ የቤንትሊ ፋብሪካ። መካኒኮቹ ፊት የቆመው ቅርስ አይደለም፣ መሣሪያ ነው። 24 ሰዓት በዚያ ዘመን መንገድ ላይ የተቀጠቀጠ ሻንሲ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል። ባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ይደክማል። ሞተር ይወርዳል፣ ሌላ ይወጣል። ከሦስት የቡድን መኪኖች አንዷ ካምቢዮ ከፈለገች ከጎረቤቷ ይፈታላታል። ማንም «ኸረ ይህ ቡሎን ከ60 ዓመት በኋላ ይፈለጋል» ብሎ አይቆጥብም። ለቀጣዩ ዓመት የተሻለ ሻንሲ ከተሠራ አሮጌው ይጣላል። ለ1930 መኪናዋ ስትዘጋጅ የሆነው ይኸው ነው። የተለወጠው ብዙ ነው። ፍርድ ቤቱም በኋላ ሲያጣራ ከ1929ኙ ያጣው ለዚህ ነው፣ ሻጩ ስላጭበረበረ ሳይሆን መካኒኮቹ ሥራቸውን በደንብ ስለሠሩ።

ይህ ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ ቀልድ ነው። መኪናዋን ታሪካዊ ያደረጋት ውድድር ራሱ ነው ዕቃዎቿን የበላው። ሙዚየም ብትቀመጥ ኖሮ ሁሉም ዕቃ ይኖራት ነበር፣ ሁለተኛው ድል ግን አይኖራትም።

ከ1930ው ሌማን በኋላ ቤንትሊ ከውድድር ወጣ። ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነች፣ ትልቅ መኪና የሚገዛ ሰው ጠፍቷል፣ ባርናቶም ገንዘብ ማፍሰሱን አቆመ። በ1931 ኩባንያው ወደቀና ሮልስ ሮይስ ከጀርባ በሌላ ድርጅት ስም ገብቶ ገዛው። «ኦልድ ነምበር ዋን» ግን ከባርናቶ እጅ አልወጣችም። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ ኩባንያው ሞተ፣ የመኪናዋ ሕይወት ቀጠለ። ፋብሪካው የጣላትን መኪና ሌላ ሰው ከቆሻሻ ክምር ላይ አንስቶ ቢሆን ኖሮ የፍርድ ቤቱ ክርክር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ባርናቶ ብሩክላንድስ ላይ ያሰልፋት ጀመር። ብሩክላንድስ በ1907 የተከፈተ የኮንክሪት ሜዳ ነው፣ ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ። ኩርባዎቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያዘነበሉ ናቸው፣ የላይኛው ጠርዝ 9 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ መጠማዘዝና ፍሬን መያዝ ብዙ የለም፣ ፍጥነት ብቻ። ስለዚህ መኪናዋ እንደገና ተቀየረች፤ ለሌማን መንገድ የሚያስፈልገው መብራቱ፣ መከታው፣ ምኑ ወረደ። በ1931 በ500 ማይል ውድድር ጃክ ደንፊና ሲሪል ፖል ነድተዋት አሸነፈች። አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 118 ማይል፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያ ጎማ! በዚያ ፍሬን!

በቀጣዩ ዓመት ባለ 8 ሊትሩ የቤንትሊ ሞተር ተገጠመላት። ይህ ሞተር ቤንትሊ ከመውደቁ በፊት ያወጣው የመጨረሻው ትልቅ መኪና ሞተር ነው፣ 7,983 ሲሲ፣ መኪናው ራሱ 100 ብቻ ነው የተሠራው። ሴፕቴምበር 1932፣ ያው 500 ማይል ውድድር። ጃክ ደንፊ ነድቶ ለወንድሙ ለክላይቭ አስረከበው። ክላይቭ ብዙም ሳይቆይ ኩርባው ላይ ሌላ መኪና ሊያልፍ ሲል ከመጠን በላይ ወደ ላይ ወጣ። ጎማው ጠርዙን ሳተ። መኪናዋ ከላይ ወደ ውጭ ወደቀች፣ ክላይቭ ደንፊ ሞተ።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች ቶሎ ወደ ጨረታና ዋጋ ይሮጣሉ። እኔ ግን ትንሽ ልቁም፤ የሁሉ ነገር መዞሪያ ይህ አደጋ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው። ሾፌሯ ሞቷል፣ መኪናዋ ተሰባብራለች፣ የሠራት ፋብሪካ ተሸጧል። እዚህ አበቃላት ማለት ይቻል ነበር። ዕቃዎቿን አውጥቶ መሸጥ፣ ሻንሲ ቁጥሯን መርሳት። ባርናቶ ግን እንደዚያ አላደረገም። አስጠገናት። ግን ወደ ውድድር መኪናነት አልመለሳትም። የተዘጋ የኩፔ ቦዲ አልብሶ የመንገድ መኪና አደረጋት። አስቡት፣ በሮቿ የሚዘጉ፣ ጣራ ያላት፣ ሰው ሱፍ ለብሶ ራት የሚሄድባት መኪና።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት ልለፈው። ከሰው ወደ ሰው ዞረች። በመጨረሻ ኩፔው ወርዶ የሌማን ዘመኗን የሚመስል ክፍት ቦዲ ለበሰች። ሰው ዛሬ በፎቶ የሚያያት በዚያ ቦዲ ነው፤ አረንጓዴ፣ ረጅም ኮፈን ያላት። ያ ቦዲ ግን ሌማንን አላየም። ቆንጆ ነው፣ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፣ ግን ልብስ ነው።

እንግዲህ ወደ ሽያጩ።

የ1980ዎቹ መጨረሻ አሮጌ መኪና ወርቅ የሆነበት ጊዜ ነበር። ዋጋ በየወሩ ይዘላል፣ ባንክ ያበድራል፣ መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው መኪና ይሰበስባል። በ7 ኤፕሪል 1990 ባለቤቷ ሰብሳቢ ከሚድልብሪጅ ሲሚታር ኩባንያ ጋር ተስማማ፦ «ኦልድ ነምበር ዋን» በ10 ሚሊዮን ፓውንድ። ለአንድ መኪና ይህ በዚያን ጊዜ እብድ የሚያሰኝ ዋጋ ነው። ከዚያ ገዢው ወደኋላ አለ። መኪናዋ የተባለችው አይደለችም፣ ሌማንን ያሸነፈችው መኪና የለችም፣ ስለዚህ አልገዛም። ሻጩ ደግሞ ውሉ ይፈጸምልኝ ብሎ ከሰሰ። የአሮጌ መኪና ገበያም በዚያው ጊዜ አካባቢ ነው ቁልቁል መውረድ የጀመረው። ይህን እንዲሁ ለቀኑ ብዬ ነው ያነሳሁት።

ገዢውን ግን አትሳቁበት። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ለምሳሌ የእግር ኳስ ክለብ እንውሰድ። ከ60 ዓመት በፊት ዋንጫ የወሰደ ክለብ ዛሬ ከዚያ ዘመን አንድ ተጫዋች የለውም፣ ግን ክለቡ ያው ነው ይባላል። እሺ። ነገር ግን አንድ ሰው መጥቶ «ያንን ዋንጫ ያስገኘችውን ጎል ያስቆጠረውን እግር ልሽጥልህ» ቢለኝ ክለቡ ያው ነው የሚለው መልስ አያረካኝም። መኪና የሚነካ ነገር ነው። ሰው ብረቱን ነው የሚገዛው፤ ባርናቶ የጨበጠውን መሪ፣ የረገጠውን ፔዳል። ገዢው የጠየቀው ይህን ነው፦ ብረቱ የት አለ?

ዳኛው ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ያዙት። ለዚህ ነው ፍርዱን የማደንቀው። «እንግዲህ መኪናዋ ታዋቂ ናት፣ ሰው ሁሉ ያውቃታል» ብለው በደፈናው አላለፉም። ምስክሮችን ሰሙ፣ ዕቃዎቹን በዓመት በዓመት ከፋፈሉ። ከ1929፣ ያው፣ የሚቆጠር ነገር የለም። ከ1930፣ እነዚያ ሦስቱ። ከ1932ቷ የብሩክላንድስ መኪና ግን ብዙ አለ፦ ጥልቀቱ 4 ኢንች የሆነው ሻንሲ፣ ባሌስትራዎቹና ማንጠልጠያዎቻቸው፣ የፊት አክስል፣ የኋላው የዲፈረንሻል ቤት፣ የፊት ሾክ አብዞርበሮች፣ 8 ሊትሩ ሞተር፣ አንዳንድ ጌጆችና የሚነቀሉ ዕቃዎች።

ከዚያ ቃል ወደ መምረጥ ሄዱ። እኛ «ኦሪጅናል» በምትል አንድ ቃል የምንጠቀልለውን ነገር እሳቸው በታተኑት። ኦሪጅናል ናት? አይደለችም፤ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ዕቃ የላትም። ሬፕሊካ ናት? አይደለችም፤ ማንም ተነስቶ እሷን አስመስሎ አልሠራትም። ከሞት የተነሳች ናት? እሱም አይደለም፤ ጠፍታ፣ ተረስታ፣ ከዓመታት በኋላ ከቁርጥራጭ የተሰበሰበች አይደለችም። ታዲያ ምንድን ናት? ኦተንቲክ ናት አሉ። ማለትም ማንነቷን ሳትለቅ የመጣች። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር የገባው ነባር ወደሆነች፣ ወደምትሠራ መኪና ውስጥ ነው፤ ከእሷ ጋር ተዋሃደ። በአንዱም ቀን «ትናንት የነበረችው መኪና ዛሬ የለችም» የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

ሌላ አንድ ነጥብ ጨመሩ፣ እኔ የወደድኩት። «ኦልድ ነምበር ዋን ነኝ» ማለት የሚችል ሌላ ቤንትሊ የለም፣ ያለም የጠፋም። ለሽያጭ የቀረበው ብረቱ ብቻ አልነበረም፣ ታሪኩና ስሙም ነበር።

ይህን ነጥብ አቅልላችሁ አትዩት። በአሮጌ የውድድር መኪና ንግድ ውስጥ እውነተኛው ራስ ምታት መንታ መኪና ነው። የፋብሪካ ቡድን የተሰነጠቀ ሻንሲ ይጥላል። መኪናዋ አዲስ ሻንሲ ለብሳ ትቀጥላለች። ከ40 ዓመት በኋላ አንድ ብልጥ ሰው የተጣለውን ሻንሲ ከጓሮ ያገኛል፣ ሞተርና ቦዲ ፈልጎ ይገጥማል፣ ከዚያ «እውነተኛዋ የእኔ ናት፣ ሻንሲ ቁጥሩን እዩ» ይላል። አሁን ሁለት መኪና አንድ ቁጥር ይዘው ቆሙ። አንደኛዋ ብረቱ አላት፣ ሁለተኛዋ የታሪኩን መስመር። ጠበቆች የሚከብሩት ያኔ ነው። «ኦልድ ነምበር ዋን» ይህ አላጋጠማትም። ኤልቢ 2332 ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት የገባ ሌላ መኪና አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ውጤቱ ይቀየር ነበር ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ዳኛው እንዲያ በቀላሉ አይወጡትም ነበር።

ፍርዱን ወደ ጋራዥ ሥራ ስንመልሰው የሚወጣው ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ብዙ አዳሽ ሰው የሚቆጥረው በመቶኛ ነው። «70 በመቶ ዕቃዋ የራሷ ነው»፣ «ሞተሩ ከሻንሲው ቁጥር ጋር ይገጥማል»። ይህ ጥሩ ነው፣ ዋጋም ያመጣል። ነገር ግን ዳኛ ኦተን ያዩት መቶኛውን አይደለም፤ መቶኛው ከታየ እሷ የወደቀች ናት። ያዩት ቅደም ተከተሉን ነው። ዕቃው መቼ ተቀየረ? ለምን? በማን እጅ እያለች? መኪናዋ በዚያን ጊዜ ትሠራ ነበር ወይስ በድን ነበረች? ያው አንድ ሻንሲ በ1932 ለውድድር ከተቀየረ የመኪናዋ ሕይወት አካል ነው። በ1985 ከሆነ ደግሞ መለዋወጫ ነው። ብረቱ ያው ሊሆን ይችላል፣ ቀኑ ግን ሁሉን ነገር ይለውጠዋል።

ስለዚህ ሰው አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲል ከእኔ ምክር ቢጠይቅ መጀመሪያ ኮፈን አታስከፍት እለዋለሁ። ወረቀቱን አስመጣ። ሊብሬ፣ የጥገና ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶ፣ የውድድር መግቢያ ዝርዝር። ከወረቀቶቹ መካከል ክፍተት ፈልግ። በ1951 እና በ1963 መካከል መኪናዋ የት ነበረች? ማንም የማያውቅ ከሆነ ያ ክፍተት ከዝገት የከፋ ነው። ዝገት ይታያል፣ ክፍተት ግን ደላላ በወሬ ይሞላዋል። አዳሽ ከሆንክ ደግሞ ያወጣኸውን ዕቃ አትጣል፣ ቀን ጽፈህ አስቀምጥ፤ አዲሱ ላይ ምልክት አድርግ፤ ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩን ለባለቤቱ ስጥ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። የቀለም ሥራ ፎቶ ያምራል፣ የዕቃ ዝርዝር ግን ላይክ አያመጣም።

አሁን ቅሬታዬ።

ፍርዱ ትክክል ነው፤ ስሟ የእሷ ነው፣ ውሉም ስለ እሷ ነው። የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ፍርዱ ገዢውን ያሳዘነውን ነገር አልካደም፣ እንዲያውም ማስረጃውን ያወጣው ራሱ ፍርዱ ነው። ማለትም ይህ ሁሉ ዝርዝር፣ ከ1929 ምንም፣ ከ1930 ሦስት ዕቃ፣ ከ1932 ብዙ፣ በሰፊው የወጣው ከተካሰሱ በኋላ ነው። ይህ ዝርዝር ከሽያጩ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ ሁለቱም ወገኖች ምን እንደሚሸጥ ምን እንደሚገዛ አውቀው ይደራደሩ ነበር። ምናልባት ዋጋው 10 ሚሊዮን አይሆንም። ምናልባት ይሆናል። በዚህ ንግድ ውስጥ ግን ልማዱ ተቃራኒ ነበር፤ ሻጭ ዝናውን ይናገራል፣ ገዢ ፎቶውን ያያል፣ ዕቃው የመቼ እንደሆነ የሚጠየቀው ገንዘብ መክፈል ሲያስጨንቅ ነው። ዳኛው ሰላሳ ዓመት የቆየ ባለሙያ መካኒክ ይሠራው የነበረውን ሥራ ነው የሠሩት፤ ልዩነቱ የእሳቸው ሰዓት በጣም ውድ መሆኑ ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ዳኛው ትክክለኛ ቃል ለማግኘት ያን ያህል ቢለፉም ቃሉ ገበያ ውስጥ ሲገባ ተበላሸ። ዛሬ «ኦተንቲክ» የማይባል አሮጌ መኪና የለም። በቻይና የተሠራ ፊት መብራት ያላትም ኦተንቲክ ናት፣ ሞተሯ በሦስተኛ ሰው የተቀየረም ኦተንቲክ ናት። እሳቸው ቃሉን የተጠቀሙት ለአንድ የተወሰነ ነገር ነበር፣ ያልተቋረጠ ሕይወት ላላት መኪና። ሻጮች ቃሉን ወሰዱ፣ ማስረጃውን እዚያው ፍርድ ቤት ተዉት።

የጉዳዩን ጥግ በደንብ ያሳየኝ ግን በኋላ የሆነ ነገር ነው። በ2022 የዛሬው ቤንትሊ ስፒድ ሲክስን እንደገና እሠራለሁ ብሎ አስታወቀ። 12 መኪና ብቻ፣ ለ12 ደንበኛ። የድሮውን የፋብሪካ ሥዕሎችና ከዚያ ዘመን የተረፉ መኪኖችን መሠረት አድርጎ፣ በእጅ፣ በ1930ው የሌማን መኪኖች ልክ። ሞተሩ በድሮው አሠራር፣ ሻንሲው በድሮው አሠራር።

አሁን አስቡት። ከእነዚህ አንዷንና «ኦልድ ነምበር ዋን»ን ጎን ለጎን አቁሙና የ1930ውን ሥዕል ይዛችሁ ዕቃ በዕቃ አመሳክሩ። ሞተሩን ብትለኩ አዲሷ ትገጥማለች፤ አሮጊቷ 8 ሊትር ናት። ሻንሲውን ብትለኩ አዲሷ ትገጥማለች። በመለኪያ ብቻ ከሆነ ጨዋታው አልቋል፣ በ1930 ሌማን ላይ የነበረችውን መኪና ይበልጥ የምትመስለው ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተወለደችው ናት። ሆኖም ቤንትሊ ራሱ እንኳን «ይቺ ኦልድ ነምበር ዋን ናት» አላለም፣ የገዟትም አይሉም። አዲስ መኪና መሆኗን ሁሉም ያውቃል።

አሮጊቷ ዕቃዋ ተቀይሯል፣ ሞተሯ ተቀይሯል፣ ቦዲዋ ስንቴ ተቀይሯል። ፍርድ ቤቱ ከ1932 ተርፏል ያለው ያ ባለ 4 ኢንች ሻንሲ ግን ክላይቭ ደንፊን ይዞ ከብሩክላንድስ ጠርዝ ላይ የወደቀው ነው።